ልጅዎን ለሰመር ከተቀበሉት፦ እሺ ከማለትዎ በፊትና በኋላ

በፌብሩዋሪና በማርች የቅበላ ደብዳቤዎች መምጣት ሲጀምሩ ደስታና ግራ መጋባት አብረው የሚገቡባቸው ቤቶች አሉ። ደብዳቤው በእንኳን ደስ አለህ ይጀምርና ጥቂት መስመር ወረድ ሲል ትምህርቱ የሚጀመረው በፎል ሳይሆን በሰመር መሆኑን ይናገራል። ልጁ በጁን አጋማሽ ሃይስኩል ጨርሶ በጁን መጨረሻ ዶርም ይገባል ማለት ነው። ወላጅ ወዲያው «ለፎል አልበቃም ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ዘመድ ወዳጁ የየራሱን ይጨምርበታል።

የሰመር ቅበላ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቅበላ ነው። ሊያስጨንቅዎት የሚገባው ለብቻው የሚመጣው የሰመር ቢል ነው። የፎልና የስፕሪንጉን የፋይናንሻል ኤይድ ወረቀት አይቶ እሺ ያለ ቤተሰብ፣ ሰመሩ እዚያ ወረቀት ላይ እንዳልነበረ የሚያውቀው ቢሉ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፦ የሰመሩን ወጪና የሰመሩን እርዳታ በጽሑፍ ሳይዙ ማስያዣ አይክፈሉ።

ለምሳሌ በብዛት የማነሳው ፔን ስቴትን ነው። ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ቤተሰቦች በመኪና የሚደረስበት ከመሆኑም በላይ ለሰመር የሚቀበላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ዓመቶቹና ወሮቹ እዚሁ አሜሪካ እንደምንጠቀምባቸው ናቸው።

ደብዳቤውን ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው ያንብቡት

በትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ፎል ላይ ዶርሙም ክፍሉም ይሞላል፤ ሰመር ላይ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ሊያስተምረው የሚፈልገውን ልጅ ሁሉ በኦገስት በአንድ ጊዜ ማስገባት ስለማይችል የተወሰኑትን ቀድመው እንዲመጡ ይጠይቃል። በፍሎሪዳማ ሰመር መማር ደንብ ነው፤ ከ60 ክሬዲት በታች ይዞ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች የገባ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 9 ክሬዲት በሰመር መውሰድ አለበት። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሰመር ቢ ለሚባለው የስድስት ሳምንት ወቅት አዲስ ተማሪዎችን የሚቀበለውም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። ዲፕሎማው ላይ በሰመር የገባና በፎል የገባ የሚል ልዩነት የለም።

«ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን በሰመር የሚያስገቡት ከስታቲስቲካቸው ሊደብቋቸው ነው» የሚል ወሬም ይሰማል። ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የሚሞሉት የጋራ የመረጃ ቅጽ ግን በሰመር ጀምረው በፎል የቀጠሉ ተማሪዎች ከፎል ገቢዎች ጋር አብረው እንዲቆጠሩ በግልጽ ያዛል። ልጅዎ ይህን ወሬ ከጓደኛ ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ከሆነ ይንገሩት።

ወሬውን ካለፉ በኋላ ደብዳቤው ውስጥ የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የትኛው ካምፓስ ነው? በየትኛው የትምህርት ክፍል ነው? ቅበላው ሁኔታ ተያይዞበታል? በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሰመሩ ውጤት ከተወሰነ ነጥብ በታች ከሆነ ልጁ ፎል ላይ አይቀጥልም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ካገኙ ደጋግመው ያንብቡት፤ ነጥቡ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ካላገኙ ደግሞ ቅበላው ያለ ቅድመ ሁኔታ መሆኑን በኢሜይል እንዲያረጋግጡልዎት ያድርጉ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ለአንዳንድ ተማሪዎች የሚሰጠው ፍሬሽመን ኮኔክሽን የሚባለው መንገድ ከዚህ የተለየ መሆኑንም ይወቁ። እዚያ ቅበላው ለስፕሪንግ ነው፤ ፎሉን የሚማሩት በዚያ ፕሮግራም በኩል ነው። የጎረቤት ልጅ በዚያ ገብቶ የነገረዎት ነገር ለእርስዎ ልጅ ላይሠራ ይችላል።

ፔን ስቴት ላይ ብዙ ጊዜ ምርጫው ሁለት ነው፦ በሰመር ዋናው ካምፓስ ዩኒቨርሲቲ ፓርክ መጀመር፣ ወይም በፎል ከቅርንጫፍ ካምፓሶች በአንዱ ጀምሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዋናው መዛወር። ሁለተኛው መንገድ ለኪስ ሊቀል ይችላል። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው ቦርድ በሜይ 2025 ሰባት ቅርንጫፎች ከ2027 ስፕሪንግ በኋላ እንዲዘጉ ወስኗል፤ እነሱም ዱቦይስ፣ ፋየት፣ ሞንት አልቶ፣ ኒው ኬንሲንግተን፣ ሸናንጎ፣ ዊልክስ ባሪና ዮርክ ናቸው። ሞንት አልቶና ዮርክ ለሜሪላንድ ድንበር ቅርብ ስለሆኑ የእኛ ቤተሰቦች የሚመለከቷቸው እነሱን ነው። «ለቤት ቅርብ ነው» ብለው ከመወሰንዎ በፊት ካምፓሱ ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ይኖር እንደሆነ ያጣሩ።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ጊዜዎን ይስጡ፤ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።

የፌዴራል እርዳታ ዓመት ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። የሰመር ትምህርት ይህን ድንበር ስለሚነካ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሰመሩን ወይ በሚያልቀው ዓመት ማብቂያ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ወይ የሚጀምረው ዓመት መጀመሪያ ያደርገዋል። ይህ የቢሮ ጉዳይ ይምሰል እንጂ ቤትዎ ድረስ ይመጣል። በ2026 ሰመር የሚጀምር ልጅ አለዎት እንበል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ለሰመሩ የ2025–26ን ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ፣ ይጠይቃል፤ ያ ፋፍሳ የሚያየው የ2023ን ታክስዎን ነው። ሌላው የ2026–27ቱ ይበቃኛል ይላል፤ እሱ የሚያየው የ2024ን ነው። ልጅዎ በ12ኛ ክፍል የሞላው የ2026–27ን ብቻ ነው፤ የቀደመውን እንዲሞላ ማን ይነግረዋል? የ2025–26ቱ ፋፍሳ ደግሞ ጁን 30 ቀን 2026 ይዘጋል። ልጅዎ ዶርም በሚገባበት ሳምንት አካባቢ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ለሰመሩ የየትኛውን ዓመት ፋፍሳ ነው የምትፈልጉት?» ይሁን። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም ከ2024–25 ጀምሮ የራሱን የፋፍሳ አካውንት መክፈት ስለሚችል ይህ እንቅፋት አይሁንብዎት፤ ማረጋገጫው ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ግን አስቀድመው ይጀምሩት።

ከዚያ የማይመለሰውን የፌዴራል እርዳታ፣ ፔል ግራንትን፣ እንይ። በ2025–26 ከፍተኛው ፔል 7,395 ዶላር ነው። አሁን የሚሰላው በተመዘገቡበት ክሬዲት ልክ ነው። ሙሉ ፔል የሚገባው ልጅ በሰመር 6 ክሬዲት ቢወስድና ዩኒቨርሲቲው 12 ክሬዲትን እንደ ሙሉ ቢቆጥር፣ የሚያገኘው የአንድ ሴሚስተሩን ግማሽ፣ ማለትም 1,850 ዶላር ገደማ ነው። ከ2017 ወዲህ አንድ ተማሪ በአንድ የእርዳታ ዓመት እስከ 150 በመቶ የሚደርስ ፔል መውሰድ ስለሚችል፣ ሰመር ላይ መውሰዱ የፎሉንና የስፕሪንጉን አይቀንስበትም። ለዚህ ግን ቢያንስ በግማሽ ጊዜ መመዝገብ አለበት።

ብድሩ እንዲህ ለጋስ አይደለም። በወላጅ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በስሙ የሚወስደው የፌዴራል ብድር በዓመት ከ5,500 ዶላር አያልፍም፤ ከዚያ ውስጥ በትምህርት ላይ እያለ ወለዱን መንግሥት የሚችልለት ቢበዛ 3,500 ነው። ዩኒቨርሲቲው ሰመሩን የአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ካደረገው ያው 5,500 ለሰመር፣ ለፎልና ለስፕሪንግ ይካፈላል። ሰመር ላይ 2,000 ከወጣ ለቀሪዎቹ የሚቀረው 3,500 ነው። በወላጅ ስም የሚወሰደው ፓረንት ፕላስም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ላይ ተወስኗል። «የጎደለውን በፕላስ እሞላዋለሁ» የሚለው የቆየ ዘዴ የስቴቱ ነዋሪ ላልሆነ ቤተሰብ ከእንግዲህ ላያዋጣ ይችላል። የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ልጅ ፔን ስቴት ሲገባ የሚከፍለው በውጭ ስቴት ዋጋ ነው። የዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ ዲሲ ታግ በሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚከፈለውን የዋጋ ልዩነት ለማቅለል ስለሚረዳ፣ ሰመሩን ይሸፍን እንደሆነና ለሰመሩ የየትኛው ዓመት ማመልከቻ እንደሚያስፈልግ ቢሮውን ይጠይቁ።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሰጠው ስኮላርሺፕ ካለም ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሰመር ላይ ይከፈላል ወይ? ከተከፈለ ደግሞ «ለ8 ሴሚስተር» ከተባለው ውስጥ አንዱን ይበላል ወይ? አንዱን ከበላ አራተኛው ዓመት ላይ አንድ ሴሚስተር ባዶ ሊቀር ነው።

ኢሜይሉን ልጅዎ ይጻፈው፤ የተማሪ ቁጥሩን ያስገባበት። የሚጠየቀው አጭር ነው። የሰመር የትምህርት ክፍያ፣ የዶርም፣ የምግብና የልዩ ልዩ ክፍያ ድምር ስንት ነው? ለሰመሩ የተመደበልኝ ግራንት ስንት ነው፤ ብድርስ? የየትኛው ዓመት ፋፍሳ? ለሰመር ለብቻው የሚሞላ የእርዳታ ማመልከቻ አለ? በስልክ የተነገረን ነገር አይመኑበት። የነገረዎት ሰው ተሳስቷል ብሎ የሚከራከርልዎት አያገኙም፤ የተጻፈ ሲኖር ግን የሚያሳዩት ነገር አለ።

መልሱ ሲመጣ በአንድ ወረቀት ላይ ድምሩን ከላይ፣ የማይመለሰውን እርዳታ ከሥር ይጻፉና ይቀንሱ። የቀረው ላይ ልጁ በሰመር ሠርቶ ሊያገኝ የነበረውን ይጨምሩበት፤ እሱም የቤተሰቡ ገንዘብ ነው። በሌላ በኩል 6 ክሬዲት ለባችለር ዲግሪ ከሚያስፈልጉት 120 ክሬዲቶች ላይ የሚቀነስ ነው፤ በሃይስኩል ከተገኘ የኤፒ ክሬዲት ጋር ተደምሮ አንድ ሴሚስተር ቀድሞ ለመመረቅ ሊያግዝ ይችላል። እኔ በበኩሌ ሰመሩ ሙሉ በሙሉ በወላጅ ብድር የሚሸፈን ከሆነና ልጁን ሌላ ጥሩ ትምህርት ቤት ለፎል ከተቀበለው፣ ለስም ብሎ ብድር ውስጥ መግባት ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ግራንቱ አብዛኛውን ከሸፈነው ግን በሰመር መጀመር ጥሩ ዕድል ነው።

ወደ ፎል እንዲቀየር መጠየቅ

ይጠየቃል፤ ነውር የለውም። ልጁ በተማሪ ፖርታሉ በኩል ወይም ለቅበላ ቢሮ በኢሜይል አጭርና ግልጽ ምክንያት ይጽፋል። መልሱ የሚወሰነው ባለው ቦታ ላይ ስለሆነ ተስፋ አድርገው ሌላውን ትምህርት ቤት አይልቀቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ስለሆነ ጥያቄው በኤፕሪል መጀመሪያ ይድረሳቸው።

ከመጠየቃችሁ በፊት ግን የቤቱን ካላንደር አውጡና እዩ። የሃይስኩል ምርቃቱ መቼ ነው? ድግሱስ? በጁላይ 4 ሰሞን የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ላይ ልጁ ሊጫወት ወይም ሊሄድ ተነጋግሯል? አያቱን ለማየት ወደ አገር ቤት የተቆረጠ ቲኬት አለ? የፔን ስቴት ሁለተኛው የሰመር ወቅት ከጁን መጨረሻ አካባቢ እስከ ኦገስት አጋማሽ ይዘልቃል። «አንድ ሳምንት ቢዘገይ ምን አለበት» አይበሉ። የ15 ሳምንቱ ትምህርት በ6 ሳምንት የሚሰጥ በመሆኑ፣ አንድ ሳምንት የቀረ ልጅ ሁለት ሳምንት ተኩል የቀረ ያህል ነው።

ሁለት ኮርስ ማለት ሙሉ ሥራ ነው

«ሁለት ኮርስ ብቻ ከሆነማ ማታ ማታ ይሠራል» የሚል ወላጅ ሒሳቡን አብሮኝ ይሥራ። ለእያንዳንዱ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ ለ15 ሳምንት እንደሚያስፈልግ የፌዴራሉ ደንብ ራሱ ያስቀምጣል። የ3 ክሬዲት ኮርስ በዚህ ስሌት 135 ሰዓት ነው። ለ6 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 22 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሁለት ኮርስ ሲሆን 45 ሰዓት። ከዚህ በኋላ ለሌላ ሥራ የሚቀረው ጊዜ የእንቅልፍ ጊዜ ብቻ ነው።

ምርጫው ላይም ይጠንቀቁ። ፔን ስቴት ለአዲስ ተማሪዎች ሊፕ የሚባል የሰመር ፕሮግራም አለው፤ ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው ሁለት ተያያዥ ኮርሶችን አብረው ይወስዳሉ። ለጀማሪ እንዲህ ያለውን እመርጥለታለሁ፤ ፎል ሲደርስ በስም የሚያውቃቸው ልጆች ይኖሩታል። ከቤተሰቡ ኮሌጅ ሲገባ የመጀመሪያው ልጅ ከሆነ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ለእንደዚህ ዓይነት ተማሪዎች ያዘጋጀው የሰመር ፕሮግራም መኖሩን ይጠይቁ፤ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኬር የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ልጁ ወደ ኢንጂነሪንግ የሚሄድ ከሆነ ካልኩለስን በ6 ሳምንት ባይወስደው ይሻለዋል፤ የካልኩለሱ ነጥብ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሲገባ ይታያል። የጽሑፍ ኮርስና አንድ አጠቃላይ ትምህርት ይበቃል። ሆኖም የኤፒ ውጤት የሚወጣው በጁላይ ነው። ልጁ በሜይ የተፈተነበትን ትምህርት ሰመር ላይ እንደገና ከፍሎ እንዳይማረው ለአማካሪው ይንገር። የሒሳብ ምደባ ፈተናውንም (ፔን ስቴት የሚጠቀመው አሌክስ የሚባለውን ነው) ምርቃቱ ሳይደርስ ይጨርሰው።

ኮርስ መጣል ሰመር ላይ ውድ ነው። ብሩ የሚመለስበት ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። ከዚህም በላይ እርዳታ የሚቀበል ተማሪ ከተመዘገበው ክሬዲት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 67 በመቶውን ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል። ከሁለት ኮርስ አንዱን የጣለ ልጅ ያጠናቀቀው 50 በመቶ ነው፤ ገና ፎል ሳይጀምር እርዳታው ላይ ማስጠንቀቂያ ሊመጣበት ይችላል። ትምህርቱ ሳይጀመር ከጣለው ደግሞ ከግማሽ ጊዜ በታች ወርዶ የፌዴራል ብድሩን ያጣል።

ወረቀቱና ዕቃው

ልጅዎ ኮሌጅ ሲገባ ዕድሜው 17 ቢሆን እንኳ በፌዴራል ሕግ የትምህርት መዝገቡ ባለቤት እሱ ነው። ከፋዩ እርስዎ ቢሆኑም ደውለው ቢጠይቁ ቢሮው ላይነግርዎት ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ልጁ በፖርታሉ ገብቶ ለእርስዎ ፈቃድ ይስጥ፣ ቢሉም በእርስዎ ኢሜይል እንዲደርስ ያስመዝግብ። ይህን ቤት እያለ፣ አብራችሁ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣችሁ አድርጉት።

የፔንሲልቬንያ ሕግ ዶርም የሚገባ ተማሪ የማጅራት ገትር ክትባት እንዲወስድ፣ ወይም ላለመውሰዱ የሚፈርምበትን ወረቀት እንዲያስገባ ይጠይቃል። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ ከሆነ የክትባት ካርዱ በሐኪሙ መዝገብ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ሰመር ላይ የሐኪም ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም። የመጨረሻው ትራንስክሪፕትም ምርቃቱ እንዳለቀ እንዲላክ የሃይስኩሉን አማካሪ አስቀድመው ያነጋግሩ፤ በጁላይ ቢሮው ላይ ሰው ላያገኙ ይችላሉ።

የሰመርና የፎል ዶርም ውል የተለያየ ነው። ሰመሩ ሲያልቅ ልጁ ክፍል ይቀይር እንደሆነ፣ በመካከሉ ያሉትን ቀናት የት እንደሚያድር ይጠይቁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የፔን ስቴት ዋና ካምፓስ እስካለበት ከተማ፣ ስቴት ኮሌጅ፣ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ቤት ደርሶ መመለስ ይችላል፤ የፍሎሪዳ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ኤሲ የሌለው ዶርም ከደረሰው ጥሩ ቬንቲሌተር ይግዙለት። የሚጾም ልጅ ከሆነ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ነው፤ ኮርሱ በሚያልቅበትና ፈተና በሚበዛበት ሰሞን። የተማሪ ምግብ ቤቱ የቪጋን መስመር የሚዘጋጅበትን ሰዓት ከመጀመሪያው ሳምንት ይወቅ፤ በርበሬውንና ሽሮውን ቢይዝ ደግሞ ማብሰያ ያለበት ፎቅ የቱ እንደሆነ ይጠይቅ።

ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ልጅ ካለ ሁለት ነገር ይጨመራል። መጀመሪያ የሚማርበት ወቅት ሰመር ከሆነ በዚያው ሰመር ሙሉ ጊዜ መመዝገብ አለበት፤ ስንት ክሬዲት እንደሆነ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ይነግረዋል። ወደ አሜሪካ መግባት የሚችለውም በአይ ሃያ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው መጀመሪያ ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው። የቪዛ ቀጠሮው ለጁን ካልደረሰ አይ ሃያው ለፎል እንዲቀየር በጊዜ ይጠይቅ።

በኦገስት፣ ልጁ የሰመሩን ፈተና ጨርሶ ዕቃውን ሳያወጣ፣ የተማሪ አካውንቱን አብራችሁ ክፈቱት። ከሰመሩ የቀረ ዕዳ ካለ ዩኒቨርሲቲው አካውንቱን ሊያግደው ይችላል፤ የታገደ ተማሪ ደግሞ የፎል ኮርሱን መቀየርም መጨመርም አይችልም። የፎሉ ቢል ላይ ግራንቱና ብድሩ መግባታቸውን በየመስመሩ እዩ። የጎደለ ካለ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው በር ከዶርሙ የእግር መንገድ ነው፤ በኤፕሪል የተላከውን የኢሜይል መልስ አትሞ ይዞ ይሂድ።